ሞረድ ከመነሳቱ በፊት

ማረሻ ሲዶለድም ወደ ቀጥቃጭ ይወሰዳል። ወናፉ ይነፋል፣ ብረቱ ይግላል፣ በመዶሻ ይሳባል፣ ውሃ ይጠጣል፣ አለቀ። ግማሽ ሚሊሜትር ቢተርፍ ወይም ቢጎድል አፈሩ አይጠይቅም። ከመንዝ እስከ ቡልጋ፣ ከተጉለት እስከ ይፋት አገሩ የታረሰው በዚህ እጅ ነው፤ ቀጥቃጭን ሲንቅ የኖረ ሁሉ የሚበላው እንጀራ የዚያ የተናቀ ሰው ላብ አለበት። ጣጣው የሚመጣው ያው እጅ፣ ያው ሞረድ፣ ያው ድፍረት ወደ ሽጉጥ ሲዞር ነው። በተለይ ወደ ባለ ስድስት ጎራሹ፣ ሪቮልቨር ወደምንለው።

አንድ የሰው ፀጉር ውፍረቱ 0.07 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ተራ የጽሕፈት ወረቀት ደግሞ 0.1 ሚሊሜትር ያህል። በሪቮልቨር ውስጥ ጤናና ሕመም የሚለዩት በፀጉርና በወረቀት መካከል ነው። ስለዚህ የዚህ ሙያ ትልቁ ክፍል ማየት፣ መስማትና መለካት ነው፤ ሞረድ የሚነሳው ሁሉም ነገር ተለክቶ ካለቀ በኋላ ነው፣ ብዙ ጊዜም ጭራሽ አይነሳም። አብዛኛውን የተበላሸ ሪቮልቨር ያበላሸው ጠጋኝ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። ሞረድ የወሰደውን ብረት የሚመልስ የለም።

ከዝርዝሩ በፊት ሁለት ነገር። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝንም መጠገንንም በፈቃድ ያሰረ ነው፤ እዚህ የምጽፈው በፈቃድ ለሚሠራ ጠጋኝና የአባቱን ሽጉጥ በሕግ አስመዝግቦ ለያዘ ሰው ነው። ባለቤቱ ውስጡን እንዲፈታ አልመክርም። ምርመራውን ግን ማወቅ አለበት፤ ሽጉጡን ሲሰጥ ምን እንደሰጠ፣ ሲቀበልም ምን እንደተቀበለ እንዲያውቅ። ሁለተኛው የዘወትር ሥርዓት ነው፦ ሲሊንደሩ (ጥይት የሚጎርሰው ክብ ተሽከርካሪ ክፍል) ይከፈታል፣ የጥይት ቤቶቹ አንድ በአንድ በዓይንም በጣትም ይታያሉ፣ ጥይት የሚባል ነገር ሥራው ካለበት ክፍል ይወጣል። ለምርመራ ባዶ ቀለህ ወይም ባሩድና ካፕሱል (ሲመታ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው) የሌለው የመለማመጃ ጥይት ይበቃል።

አንኮበር ከጠመንጃ ጋር የቆየ ትውውቅ አላት። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1841 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ ጋር ሲዋዋሉ ከስጦታው መካከል ጠመንጃ ነበረበት። ወደ ሽጉጡ ስንመጣ፣ የ1928ቱ ወራሪ ይዞት የመጣው ቦዴዮ የሚባለው የኢጣሊያ ሪቮልቨር አለ፤ ሞዴል 1889፣ 10.35 ሚሊሜትር፣ ስድስት ጎራሽ፣ በጎኑ ባለ ትንሽ በር ጥይት አንድ በአንድ የሚጎርስ። ለተራው ወታደር የተሠራው ምላጩ የሚታጠፍ ነው፣ የመኮንኑ ግን የምላጭ ከለላ አለው። በራስ አበበ አረጋይ መሪነት የተዋጉት የሸዋ አርበኞች ብዙ መሣሪያ ከጠላት በምርኮ ያገኙ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ከዚህ ሌላ የእንግሊዝ ዌብሊ፣ የፈረንሳይ ለበል 1892፣ ሩስያ የተጠቀመችበት ናጋን 1895፣ የአሜሪካ ኮልትና ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በዓለም ላይ በብዛት የተሠሩ ናቸው። ጠጋኝ የመጀመሪያ ሥራው የትኛው እንደሆነ መለየት ነው፤ የአንዱ ጠባይ የሌላው ሕመም ነውና። ናጋን ሰባት ይጎርሳል፣ ምላጩም ከባድ ነው፤ መቺው (ወድቆ ጥይቱን የሚያስነሣው ብረት) ሲነሣ ሲሊንደሩ በሙሉ ወደ ፊት ተገፍቶ ከበርሜሉ ጋር ስለሚገጥም ያን ሁሉ ሥራ የሚሠራው ጣት ነው። ከባድ ነው ብሎ ናጋንን የሚሞርድ ሰው ያልታመመውን እያከመ ነው። ዌብሊ ደግሞ ከመሐሉ የሚሰበር ነው፤ ማጠፊያውና ከላይ ያለው ማሰሪያው ሲላላ በርሜሉ ከአካሉ ይነቃነቃል። በርሜሉን በአንድ እጅ፣ እጀታውን በሌላው ይዞ ወደ ጎንና ወደ ላይ ማወዛወዝ ይበቃል፤ የሚንኳኳ ከሆነ ሌላው ምርመራ ይቆይ።

አሠራሩን ባጭሩ። ምላጩ ሲሳብ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ይሆናል። መቺው ወደ ኋላ ይሄዳል። ገፊ የምለው ትንሽ ጣት መሰል ብረት ከሲሊንደሩ ኋላ ያለውን ጥርስ ወደ ላይ ይገፋና ሲሊንደሩን አንድ ቤት ያዞረዋል። ከታች ያለው መቆለፊያ ደግሞ ወደ ውስጥ ገብቶ መንገድ ከሰጠ በኋላ ተመልሶ በሲሊንደሩ ወገብ ላይ ካለው ጎድጓድ ይገባና ቤቱን ከበርሜሉ ፊት ለፊት ያስረዋል። መቺው መውደቅ ያለበት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። የእነዚህን ቅደም ተከተል ጊዜ እለዋለሁ፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረመረውም ጊዜው ነው።

ምርመራው ጠመኔ ብቻ ይፈልጋል። በሲሊንደሩ ላይ ከ1 እስከ 6 ይጻፋል። በባዶ ቤቶቹ የመለማመጃ ጥይት ይገባል፤ ባዶ ሲሊንደር ኮከቡን (ቀለህ የሚያወጣውን ባለ ጥርስ ክፍል) ትንሽ ስለሚያላላው ጤነኛውን ሽጉጥ የታመመ ሊያስመስል ይችላል። የግራ እጅ ጣት ሲሊንደሩን በጣም በቀስታ ይነካዋል፤ እንደ ፍሬን ትንሽ እንዲይዘው ብቻ። የቀኝ አውራ ጣት መቺውን ወደ ኋላ ይስበዋል፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ጆሮ ቀርቦ። ሁለት ድምፅ ይሰማል፦ ቀጠን ያለው የመቆለፊያው ነው፣ ወፈር ያለው መቺው ሲያዝ ነው። ቀጭኑ ከወፍራሙ መቅደም አለበት፤ ቢዘገይ ቢዘገይ አብሮ። መቺው ተይዞ ሲሊንደሩ ገና ካልተቆለፈ፣ በጣት ትንሽ ሲገፉትም ቀጭ ብሎ ከገባ፣ ያ ቤት ዘግይቷል። ቁጥሩ ይጻፋል፣ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ስድስቱም ካለቁ በኋላ እንደገና ይደገማል፤ አንድ ጊዜ የታየ አይቆጠርም።

ጠመኔው የሚናገረው እዚህ ላይ ነው። ስድስቱም ከዘገዩ ገፊው ተበልቷል፤ ሁሉንም ጥርስ የሚገፋው እሱ አንዱ ነውና። አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ከዘገዩ ግን ገፊው ደህና ነው፣ ጥፋቱ በእነዚያ ቤቶች ጥርስ ላይ ነው። ሁለቱን ያልለየ ጠጋኝ ሁልጊዜ የሚነካው ገፊውን ነው፤ አንዱን የዘገየ ቤት ለማፍጠን ሲል ደህና የነበሩትን አምስቱን ከልክ በላይ ያፈጥናቸዋል፣ ከዚያ ምላጩ በአምስቱ ቤት ላይ ይጣበቃል።

ገፊው ካለቀ መድኃኒቱ አዲስና ትንሽ ወፈር ያለ ገፊ አምጥቶ ማገጣጠም ነው። በስሚዝ ኤንድ ዌሰን ስፋቱ ነው የሚወስነው፣ በድሮው ኮልት ግን ርዝመቱ። የኮልት ጠባይ ለብቻው ነው። ምላጩ እንደተሳበ ሲያዝ ገፊው ሲሊንደሩን በመቆለፊያው ላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ፍጹም የማይነቃነቅ ይሆናል፣ በዚያው ልክ ግን ቶሎ ይበላል። ኮልት ከኋላ ሲታይ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ወደ ግራ። ድሮ ገፊን በመዶሻ እየቀጠቀጡ ማስረዘም የታወቀ ዘዴ ነበር፤ ቀጥቃጩ ማረሻ የሚስበው ያው መንገድ ነው። ይሠራል፣ ለጥቂት ጊዜ። የተቀጠቀጠው ጫፍ ሳስቷልና ቶሎ ተመልሶ ያጥራል፣ ሁለተኛ ሲቀጠቀጥ ይሰነጠቃል።

ጊዜው የዘገየ ሽጉጥ ለምን ያስፈራል? ቤቱ ከበርሜሉ ጋር ሳይገጥም ጥይቱ ይወጣልና እርሳሱ (ተወንጭፎ የሚሄደው የጥይቱ ጫፍ) የበርሜሉን አፍ ጠርዝ ይመታል። የተላጨ እርሳስ በጎን ይረጫል፤ አጠገብ የቆመን ሰው ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ተኳሹ በአብዛኛው አይሰማውም፣ የሚያቆስለው ጎረቤቱን ነው። ይህን ላለማወቅ ሰበብ ሊኖር አይገባም፤ ጠመኔ በየሱቁ አለ።

ቀጥሎ የፊትና ኋላ መላላት። መቺው ወርዶ፣ ሲሊንደሩ ተዘግቶ፣ ባዶ መሆኑ እንደገና ታይቶ፣ ሲሊንደሩ በሁለት ጣት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋል። የተወሰነ እንቅስቃሴ አለ፣ መኖርም አለበት፤ 0.05 ሚሊሜትር ያህል ችግር የለውም። ከ0.08 ካለፈ ሲሊንደሩ በተተኮሰ ቁጥር እንደ መዶሻ ራሱን ይቀጠቅጣል፣ ክፍተቱም በየጥይቱ ይሰፋል። መላላቱ መርፌው (ካፕሱሉን የሚወጋው ሹል ብረት) ካፕሱሉን አሳስቶ እንዲመታም ያደርጋል፤ ቀለሁ ከመርፌው ይሸሻላ። መድኃኒቱ 0.05 ሚሊሜትር ቀጭን የብረት ሮንዴላ ሲሊንደሩን በተሸከመው ክንድ ቱቦ ጫፍ ላይ ማስገባት ነው። አንድ፣ ቢበዛ ሁለት። ለዚህ የሚሆን ሮንዴላ ከመካኒክ ዕቃ አይገኝም፤ የቆርቆሮ ቁራጭ ቀዶ ማስገባት ደግሞ ሲሊንደሩን ያዛንፈዋል።

ከዚያ በሲሊንደሩና በበርሜሉ መካከል ያለው ክፍተት። መካኒኮች የካንዴላና የቫልቭ ክፍተት የሚለኩባት ባለ ብዙ ምላስ መለኪያ እዚህም ትሠራለች፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ከሚሸጥበት ትገኛለች። ሲሊንደሩ ወደ ኋላ ተገፍቶ አንዴ፣ ወደ ፊት ተገፍቶ አንዴ ይለካል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቅድም የተነገረው መላላት ነው። ከ0.10 እስከ 0.25 ሚሊሜትር ደህና ነው፣ 0.15 አካባቢ ደግሞ እጅግ ደህና። መለኪያ ለሌለው ባለቤት ወረቀት ይበቃዋል፦ አንድ ወረቀት ካለፈ፣ ሦስት ወረቀት ተደርቦ ካላለፈ ሥጋት አይግባው። ከ0.08 በታች ሲሆን ሽጉጡ ጥቂት ተኩሶ ሲግልና ጥላሸት ሲይዝ ሲሊንደሩ ይጣበቃል። ከ0.30 በላይ ሲሆን እሳቱና ጉልበቱ በጎን ይባክናል። ክፍተቱ ሰፋ ብሎ በርሜሉን የሚነካ ጠጋኝ አይጠፋም፤ የበርሜሉን አፍ መሞረድ ክፍተቱን የሚያሰፋ ነው እንጂ የሚያጠብ አይደለም። ጠበበ ብሎ በእጅ የሚሞርድም አለ። ሞረዱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያጋድላልና አፉ እንደ ሽብልቅ ይሆናል፣ በአንዱ በኩል 0.10 በሌላው 0.25። ያ ሥራ በበርሜሉ ውስጥ አልፎ ቀጥ ብሎ የሚቆርጥ መሣሪያ ላለው ብቻ ነው።

ይህ ክፍተት ጤነኛ በሆነ ጊዜም እሳት ይተፋል። ሪቮልቨር የሚይዝ ሰው የደጋፊ እጁን ጣት ከሲሊንደሩ ፊት ማስቀመጥ የለበትም። የናጋን ቀለህ አፉ ከእርሳሱ አልፎ ወደ በርሜሉ ስለሚገባ እሳቱን ያፍነዋል፤ በናጋን የለመደ እጅ ወደ ሌላው ሲዛወር መጠንቀቅ አለበት።

ሲሊንደሩ እንደ ፊልም በአንድ እጅ ውርወራ ጠብ ተደርጎ ሲዘጋ ክንዱ ይጣመማል። ያ ክንድ ቀጭን ነው። ከተጣመመ ሲሊንደሩ ከበርሜሉ ጋር አይተያይም፣ ጊዜው ይዛባል፣ ክፍተቱ በአንዱ ቤት ጠቦ በሌላው ይሰፋል፤ ሦስት ሕመም ከአንድ ጉራ። ይህን ያየ ሰው ዝም ማለት የለበትም።

ሌላ ቀላል የሚመስል ነገር፦ ሲሊንደሩ አልከፈት አለ። መጎተት አያስፈልግም። ቀለህ የሚያወጣው ዘንግ በራሱ የብሎን ጥርስ ላልቶ ስለ ረዘመ ነው የሚያዘው። ዘንጉ ሲጠብቅ በጥርሶቹ ላይ ያለው ጫና ኮከቡን ሊያጣምመው ይችላልና ባዶ ቀለሆች በቤቶቹ ውስጥ ገብተው ኮከቡን መደገፍ አለባቸው። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ በተሠራው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ይህ ዘንግ የግራ ጥርስ ነው፤ ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል። ይህን ያላወቀ ሰው አጠበቅሁ ብሎ ይፈታል፣ ፈታሁ ብሎ በፒንሳ እያጠበቀ ይቆርጠዋል።

ወደ ውስጥ ለሚገባው ባለሙያ ካቻቢቴው ከሽጉጡ ይቀድማል። የሱቅ ካቻቢቴ አፉ እንደ ሽብልቅ ነው፤ ከብሎኑ ስንጥቅ ላይ ተንሸራቶ ይወጣና ጠርዙን ያወልቀዋል። አፉ ከላይ እስከ ታች ውፍረቱ አንድ ሆኖ ስንጥቁን መሙላት አለበት። ርካሹን ገዝቶ በግራይንደር ማስተካከል ይቻላል፤ በየጥቂት ሰከንዱ ውሃ ውስጥ እየነከሩ፣ ምክንያቱም ብረቱ ሰማያዊ ቀለም ካወጣ ጥንካሬው ሄዷል፣ ይለሰልሳል፣ በመጀመሪያው ብሎን ላይ ይጠመዘዛል። ብሎኖቹ ሲወጡ እንደ ቦታቸው በወረቀት ላይ ተስለው ይቀመጡ፤ አንድ ዓይነት ይመስላሉ፣ አይደሉም።

የሽጉጡን ውስጥ የሚሸፍነውን የጎን ክዳን በካቻቢቴ ጫፍ መፈልቀቅ ነውር ነው። ጠርዙ ከአካሉ ጋር ፀጉር እንዳያስገባ ሆኖ የተገጠመ ነው፤ አንዴ የተፈለቀቀ ክዳን ዕድሜ ልኩን ይመሰክራል። ትክክለኛው መንገድ ብሎኖቹን አውጥቶ፣ ሽጉጡን ክዳኑን ወደ ላይ አድርጎ በመዳፍ ይዞ፣ የእጀታውን ብረት በመዶሻ የእንጨት እጀታ ቀስ እያሉ መምታት ነው። ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት ጊዜ። ክዳኑ በንዝረቱ ራሱ ብድግ ይላል። ለዚህች ትዕግሥት ያጣ ሰው ከውስጥ ላለው ምንም አይሆንም።

ውስጡ ሲከፈት መጀመሪያ የሚገኘው ቆሻሻ ነው። ከምላጭ ክብደትም ከመንተባተብም ብዙው እዚህ ያበቃል። ባለቤቶች በቅቤ፣ በሞራ፣ በምግብ ዘይት፣ በተቃጠለ የሞተር ዘይት ያሹታል። ቅቤና የምግብ ዘይት ሲቆዩ ይኮመጥጣሉ፣ ከዚያ እንደ ሙጫ ይደርቃሉ። በነጭ ጋዝና በጥርስ ብሩሽ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ምላጩ ይሞከራል። ከዚህ በፊት ሞላ የቀየረ፣ ብረት ያሸ ሰው ሙጫ ነው የጠገነው።

ምላጭ ስንት ይመዝናል? በዓይን አይታይም፣ በጣትም አይታመንም። ባዶው ሽጉጥ አፈሙዙ ወደ ላይ ሆኖ በጨርቅ ተጠቅልሎ በሞርሳ ይያዛል፤ ከምላጩ መካከል በሲባጎ አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ይንጠለጠላል፣ ውሃ ቀስ እየተደረገ ይጨመርበታል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። መቺው ቀድሞ ተነሥቶ በሚተኮስበት መንገድ ከ1.4 እስከ 1.8 ኪሎ ተገቢ ነው። ምላጩ ራሱ መቺውን አንሥቶ በሚጥልበት ከ4.5 እስከ 6 ኪሎ ይደርሳል፤ ለዚህ ጀሪካን ያስፈልጋል፣ ከታች ፍራሽ ቢጤ ይነጠፍ።

«ቀለል አድርግልኝ» የሚል ሰው ሲመጣ የክፉ ጠጋኝ ሦስት አቋራጮች አሉ። አንደኛው በእጀታው ፊት ያለውን የዋናውን ሞላ መወጠሪያ ብሎን ማላላት ነው። ቀላል ይሆናል፣ ከዚያ መቺው ካፕሱሉን በደካማ ይመታል፣ ከስድስት አንዱ ጭጭ ይላል። ያ ብሎን እስከ መጨረሻው ጠብቆ መቀመጥ አለበት። ሁለተኛው ሞላውን መሞረድ ነው፤ በአንድ ቦታ የተሞረደ ሞላ በዚያው ቦታ ይሰበራል። ሦስተኛው የከፋው ነው፣ መቺው ተነሥቶ የሚያዝበትን ጥርስ መንካት። ጥልቀቱ ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የሽጉጡ ባለቤትና የቤተሰቡ ሕይወት የተንጠለጠለው በዚያች ጠርዝ ላይ ነው። ማዕዘኗ በትንሹ ከተዛባ መቺው ተነሥቶ ሳለ በግጭት ወይም በአውራ ጣት ግፊት ይወድቃል። ስለዚህ ማንኛውም የተጠገነ ሪቮልቨር ሲመለስ ባዶ መሆኑ ታይቶ፣ መቺው ተነሥቶ፣ ጣት ከምላጩ ርቆ፣ መቺው ከኋላ በአውራ ጣት በርታ ተብሎ ወደ ፊት ይገፋል። ከወደቀ ያ ሽጉጥ እንደገና ጥይት አይጎርስም፣ መቺውና ምላጩ በአዲስ እስኪቀየሩ። ልሞርደውና ላስተካክለው የሚባል ነገር እዚህ የለም።

ታዲያ ደጉ ጠጋኝ ምን ያደርጋል? የሚፋተገውን ፈልጎ ያለሰልሳል። የመቺው ጎን ከአካሉ ጋር የተፋተገበት ቦታ ያበራል፤ ገፊው በመስኮቱ ሲወጣና ሲወርድ ጎኑ ይላጣል፤ ምላጩን የሚመልሰው ተንሸራታች ከታችና ከጎን ይፋተጋል። በቀይ ስክሪብቶ ይቀባል፣ ተገጥሞ ሃያ ጊዜ ይሳባል፣ ይፈታል። ቀዩ የጠፋበት ቦታ ብቻ በጠፍጣፋ፣ በጠንካራና በጣም ልም ድንጋይ ዘይት ጠብ ተደርጎበት ይታሻል፣ ማዕዘኑ ሳይዞር። መስተዋት እንዲሆን አይጠበቅም። የብዙዎቹ መቺና ምላጭ ብረት የጠነከረው ከላይ ባለው ቀጭን ቆዳ ብቻ ነው፤ ውስጡ ለስላሳ ነው። ቆዳው በብርጭቆ ወረቀት ወይም በድሪል ጎማ ከተገፈፈ ሽጉጡ ለአንድ ወር እንደ ቅቤ ይሆናል፣ ከዚያ በዓይን እያዩት ያልቃል። ይህ ብልሽት ለገዢ ደስ ስለሚል ነው በጣም የምፈራው።

ስለ ጥይት አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም። በእንግሊዝ ዌብሊና ኤንፊልድ ሪቮልቨር የሚገባው 38 ጥይትና 38 ስፔሻል የሚባለው በስም ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው አጭርና ወፈር ያለ ነው፣ እርሳሱ ወደ 9.17 ሚሊሜትር፤ ሁለተኛው ረዥምና ቀጠን ያለ፣ 9.07 ገደማ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለእንግሊዝ ከተሠሩት የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሽጉጦች በኋላ ላይ ቤታቸው ተቦርቡሮ 38 ስፔሻል እንዲጎርሱ የተደረጉ አሉ። በእነዚህ የተተኮሰ ቀለህ ከቂጡ አጠገብ ያብጣል ወይም ይሰነጠቃል። የተተኮሰ ቀለህ ወልቆ ሲመጣ ቅርጹን ማየት ነው፤ ሆዱ ከተነፋ ጥፋቱ ከጥይቱ አይደለም። በ455 ዌብሊም እንዲሁ፤ የሲሊንደሩ ኋላ ተልጦ 45 አውቶማቲክ እንዲጎርስ የተደረገ ብዙ ነው፣ የዚያ ጥይት ግፊት ግን ሽጉጡ ከተሠራለት ይበልጣል። «ገባ» ማለት «ይሆናል» ማለት አይደለም።

የድሮ ጥይት ካፕሱል ሌላ ጣጣ አለው፤ ሲተኮስ በበርሜሉና በቤቶቹ ውስጥ ጨው ይተዋል። ያ ጨው ከአየር ውሃ ይጠጣል። ጣርማ በር ላይ ጉም ወርዶ መንገዱ ሳይታይ በሚውልበት ቀን፣ በአንኮበርም ጫካ ጠርዝ፣ አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ዘይት ጨውን አያሟሟም፤ በዘይት የተወለወለ በርሜል ከላይ እያበራ ከሥር ይበላል። መጀመሪያ የፈላ ውሃ በበርሜሉም በስድስቱም ቤት ይፈስሳል፣ ብረቱ ግሎ ራሱ ይደርቃል፣ በጨርቅ ይወለወላል፣ ከዚያ ዘይት። ውሃ ያስፈራል ብሎ የሚተወው ሰው ነው ዝገት የሚያርስበት።

የዘይቱ ዓይነት ለደጋው ቁም ነገር ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ነው፣ መንዝም ከዚያ ይበልጣል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ያነጋል። ወፍራም ግራሶ በዚያ ብርድ ይደነድናል፣ መቺው በዝግታ ይወድቃል፣ ካፕሱሉ አይነሣም። የስፌት መኪና ዘይት ይበቃል፤ በመቺው ስፒና ላይ ጠብታ፣ በምላጩ ስፒና ላይ ጠብታ፣ በሲሊንደሩ ክንድ ላይ ጠብታ። የተረፈው ይጠረጋል። ሲቀመጥ ከቆዳ ማኅደሩ ወጥቶ ይቀመጥ፤ ቆዳ እርጥበትና የፋቂ ጨው ይይዛል። ዝተትም ሆነ በርኖስ ሰውን ያሞቃል፣ ብረትን ግን በላብ ያስቀምጠዋል። ጥጥ ጨርቅ ዘይት ነክቶ ይሻላል፣ ከግድግዳና ከመሬት ተለይቶ፣ በተቆለፈበት ሣጥን ውስጥ፣ ጥይቱም በሌላ ቁልፍ።

ሽጉጡ ተገጥሞ ሲያልቅ ምርመራው ከ1 ይጀምራል። ጠመኔው እንደገና ይጻፋል፣ ስድስቱ ቤት በቀስታ፣ ስድስቱ በፍጥነት፣ ከዚያ አፈሙዙ ወደ ላይ ሆኖ፣ ከዚያ ወደ ታች ሆኖ፤ ዘንበል ሲል የሚንተባተብ ሽጉጥ ገፊውን የሚደግፈው ሞላ ደክሟል። የምላጩ ክብደት በውሃው ይለካል። መቺው ተነሥቶ ይገፋል። ውጤቱ በትንሽ ወረቀት ይጻፋል፦ ክፍተት ይህን ያህል፣ መላላት ይህን ያህል፣ ምላጭ በአንዱ መንገድ ይህን በሌላው ያን ያህል፣ 4ኛው ቤት ከመቺው ጋር እኩል ይቆልፋል፣ ሌሎቹ ቀድመው። ቀኑ ይጻፍበታል። ከዓመት በኋላ የሚከፍተው ሰው 4ኛውን አስቀድሞ ያየዋል። ወረቀቱ ለባለቤቱ ይሰጥ፣ ከሽጉጡ ጋር ግን በአንድ ጨርቅ አይጠቅለል፤ ወረቀት ውሃ ይስባል፣ የነካውም ብረት ቀድሞ ይዝጋል።